የመጀመሪያው ውሃ

ባሏ ከሞተ ወዲህ ወይንሸት ማሽላዋን ለብቻዋ ነበር የምታሳድገው። ያን ነሐሴ ቆቦ ሜዳ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ ማሽላው ቅጠሉን ጠቅልሎ ሊደርቅ ዛሬ ነገ እያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጋው በዝናብ ደመና ሲጠቁር ጎርፍ ሊወርድ ነው ብላ መቀመጥ አቃታት፤ አካፋዋን ይዛ ወንዙ ዳር ወረደች። ጎርፍ ወደ እርሻ ሲጠልፉ ያረጁት ጎረቤቷ አያ ሙሀመድሰይድ እዚያው ቁጭ ብለዋል።

ጎርፉ እያጓራ መጣ። ወደ ማሳዋ የሚወስደውን፣ በአፈር የተደፈነውን የቦይ አፍ ልትንድ ተንደረደረች።

«ኧረ ሴትዮ! አምና በመጀመሪያው ውሃ ከፍተሽ ማሳሽን ድንጋይ አለበስሽው። ዘንድሮም ድንጋይ ልታጭጂ ነው? ይልቅ እግርሽን ንከሪ።»

«ማሽላዬ እየሞተ እግሬን ልታጠብ?»

«ጠጠሩ ቅልጥምሽን እስኪተው ጠብቂ።»

ከዳር ገብታ ነከረች። ጠጠሩ ይወግራታል። ውሃው አልፎ ቢያልቅስ?

«አሁንስ አያ? አሁንስ?»

«የተነከረው ያንቺ እግር፤ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!»

አካፋዋን ከእጅ እጅ እያቀያየረች ስትቁነጠነጥ ጠጠሩ ቀረና ለስላሳ ደለል ብቻ እግሯን ዳሰሳት። ዞራ እንኳ አላየቻቸውም። አፈሩን ናደችው፤ ቀዩ ውሃ ወደ ማሽላዋ ገባ።