ሳትመዘገብ የቀረችው ውሻ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ገና ስላላገባሁ የምኖረው ከአባቴና ከእናቴ ጋር ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ በደብሩ ይቀድሳሉ፣ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ለዲያቆናት ዜማ ያስተምራሉ።

በዚያ ዓመት ሰው ለሰፈራ ይመዘገብ ነበር። መዝጋቢ ስላነሰ እኛን መምህራንን ከክፍል አስወጥተው በየጠረጴዛው አስቀመጡን። ምዝገባው የሚካሄደው ከገበያው በላይ ባለ ሜዳ ላይ፣ ሸራ ተወጥሮ ነው። የአባወራውን ስም፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን ስምና ዕድሜ እጽፋለሁ። ሰው ይመጣል፣ ይጠየቃል፣ ያልፋል። መጀመሪያ ቀና እያልኩ ፊታቸውን አይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከወረቀቱ ላይ ዓይኔን አላነሳም።

አንድ ረፋድ ላይ ከከላላ በኩል ካለ ገጠር የመጣ ገበሬ ፊቴ ቆመ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ፣ አንዲት ሴትና አንድ ትንሽ ወንድ፣ ከኋላው ነበሩ።

«ስንት ናችሁ?» አልኩት።

«አምስት።»

የአራቱን ስም ጽፌ ስጨርስ፣ «አምስተኛውስ የታለ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሰውየው ወደ መሬት አየ። እግሩ ሥር አንዲት ቡናማ ውሻ ተኝታለች። ደረቷ ላይ ነጭ አለባት፣ የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የቀለደ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሱ ግን አልቀለደም።

«ይቺ ናት» አለ። «በጎቻችን በረሃብ እስኪያልቁ ድረስ አንድም ለጅብ አላስነካችም። ካለቁ በኋላም ትታን አልሄደችም።»

«ወንድሜ፣ ውሻ አይመዘገብም።»

«ከእግራችን ሥር ትተኛለች፣ ቦታ አትይዝም።»

ከጎኔ የተቀመጠው የቀበሌ ሰው ትዕግሥቱ አለቀ። «ጓድ መምህርት፣ ሰልፉን አታስቁሚ! ቀጣይ!» አለ። ሚስትየዋ የባሏን ክንድ ይዛ «ተው፣ እንለፍ» አለችው። እኔም አራት ብዬ ደምሬ አሳለፍኳቸው።

ሰፋሪዎቹን የሚጭኑት ካሚዮኖች በሳምንቱ መጡ። ተማሪዎቼን ከክፍል እንዳይወጡ ከልክዬ እኔ ራሴ አጥሩ ጥግ ቆሜ አየሁ። ሰው ተጭኖ ካሚዮኖቹ ወደ ደሴው መንገድ ሲዞሩ አንድ መንጋ ውሻ ከኋላቸው ተከተለ። አንዳንዱ ከከተማው ጫፍ ተመለሰ። ቡናማዋን አቧራው እስኪውጣት ድረስ አየኋት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሜዳው በኩል ሳልፍ ተመልሳ ሸራው ከነበረበት ቦታ ላይ ተኝታ አገኘኋት። የመዳፏ ቆዳ ተገሽልጦ ደም ያዣል። ጎንበስ ስል አልጮኸችም፤ ወደ መንገዱ ማየቷን ቀጠለች። እየተነሳች፣ እየወደቀች፣ በሻሽ ስቤ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ለውሻ እህል መስጠት በዚያ ዓመት ነውር ነበር፤ ነውር መሆንም ነበረበት። ሰው በየደጁ እየወደቀ እኔ ውሻ ይዤ ስገባ የእናቴ ፊት ብቻ በቃኝ። ስለዚህ ሰው ከሚበላው ላለመንካት ለራሴ ቃል ገባሁ። ወፍጮ ቤት ሄጄ ከወለል የተጠረገውን፣ አፈር የበዛበትን ዱቄት ለመንኩ። እሱን በድስት እጣቢ ቀቅዬ እሰጣታለሁ። ያገኘችውን ትበላ ነበር፤ አንድ ቀን የጫማዬን ማሰሪያም በላች።

አባቴ መጀመሪያ አልፈለጓትም። «እኔ ቤተ መቅደስ የምገባ ሰው ነኝ፤ ከደጄ ድርሽ እንዳትል» አሉ። እናቴ «እሺ፣ ከጓሮ ትሁን» ብላ አስታረቀችን። በመጀመሪያው እሑድ ግን ውሻዋ አባቴን ተከትላ ወጣች። ከመንገድ ጠጠር አንስተው ወረወሩባት። ወደ ኋላ ትልና እንደገና ትከተላለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ቅጽሩን ጥሳ ትገባ ይሆን ብለው ሲጨነቁ፣ እሷ ከበሩ ውጭ ካለ ድንጋይ ሥር ተኛች። ቅዳሴው አልቆ ሲወጡ እዚያው ነበረች። በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ጠጠር አላነሱም።

ስሟን አላውቅም ነበር። የቤተሰቡን ስም በሙሉ በእጄ ጽፌ የእሷን አለመጠየቄ ይቆጨኝ ነበር። የሆነ ስም ላወጣላት ሞከርኩ፣ ግን ለየትኛውም ጆሮዋን አታነሳም። «ነይ» ስላት ትመጣለች፣ በዚያው ተግባባን።

ሜዳው ላይ ሌሎችም ነበሩ። ባለቤቶቻቸው የሄዱባቸው አምስት ውሾች እዚያው ከሸራው ካስማዎች አጠገብ ቀርተዋል። ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከዚያው ጥራጊ ቀቅዬ እወስድላቸዋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሰው ስትመዘግቢ ዋልሽ፣ አሁን ደግሞ ውሻ ጀመርሽ?» አለኝ። ሳቅኩለት፤ ቤት ገብቼ ግን ንግግሩ አልለቀቀኝም።

በዓቢይ ጾም መግቢያ አካባቢ አንዲት ውሃ የምትቀዳ ሴት በእብድ ውሻ ተነከሰች። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ አስነገረ፤ ውሻ ያለው ይሰር፣ ከነገ ጀምሮ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጣላል፣ በመንገድ ለተገኘው ኃላፊነቱን አንወስድም ተባለ። ትእዛዙ ስህተት ነው አልልም። ሴትየዋን አውቃታለሁ፤ ደሴ ወስደዋት መርፌ እስክትወጋ ልጆቿ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ቢሆንም በዚያው ምሽት ገመድ ይዤ ሜዳው ሄድኩ። ሦስቱ እጄን አምነው ታሰሩልኝ። ሁለቱ ግን ምግቡን እየበሉ ገመዱን ሲያዩ ይሸሻሉ። እስኪጨልም ለመንኳቸው። በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ሁለቱም ከገበያው ቁልቁለት ላይ እግራቸው እንደ እንጨት ደርቆ ተኝተው አየኋቸው።

ስለዚህ በቄስ ጓሮ አራት ውሻ ታሰረ። አባቴ ሲወጡም ሲገቡም «እግዚኦ» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከታሰሩት አንዱ፣ ጥቁሩና ትንሹ፣ ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ወጣ። ዓርብ ነበር፤ እኔ ለምሳ ቤት መጥቻለሁ። ብዙም ሳይቆይ እየተንገዳገደ ተመልሶ ጓሮው ውስጥ ወደቀና ይንቀጠቀጥ ጀመር። አፉን ከፍቼ መርዙን እንዲያስመልስ የተልባ ውሃ ላጠጣው ብሞክር መንጋጋው ተቆልፏል። ጮኼ እናቴን ስጠራ የመጡት አባቴ ነበሩ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሊወጡ ተዘጋጅተዋል።

«ምን አበላሽው?»

«መርዝ በልቶ ነው አባባ። አፉን የሚይዝልኝ አጣሁ።»

ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው ተንበረከኩና መንጋጋውን በሁለት እጃቸው ፈለቀቁት። «አፍስሺ» አሉኝ። አፈሰስኩ። ገሚሱ ገባ፣ ገሚሱ ከአረፋው ጋር በአባቴ ክንድ ላይ ወረደ። ውሻው አንድ ሁለቴ አስመለሰ። ድኗል ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል እንደገና ተወጠረ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

አባቴ እጃቸውን በአመድና በውሃ ደጋግመው ታጠቡ። «ዛሬ አልቀድስም። ሂጂና ሌላ ቄስ እንዲተካ ንገሪልኝ» አሉ።

«ምክንያቱን ቢጠይቁኝስ?»

«እውነቱን ንገሪያቸዋ! ምን ይደበቃል?»

ስነግራቸው ካህናቱ ተሳሳቁ። አባቴ ግን ውሻውን ከጓሮ ቀበሩትና እስከ ማታ ዳዊታቸውን ሲደግሙ ዋሉ።

ከቀሩት አንዱን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለጥበቃ ወሰደው። ሌላው ያረጀ ነበርና በክረምቱ ብርድ ሞተ። ቡናማዋ ብቻ ቀረች። እህል ሲገባ እሷም ወፈረች። በዓመቱ አራት ቡችሎች ወለደች፤ ሦስቱን ጎረቤት ተካፈለ፣ አንዱን አባቴ «ይሄ ይቅር» ብለው አስቀሩት።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ በዕረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «አንዲት ሴት በሩ ላይ ትፈልግሻለች» አለኝ። ወጣሁ። ከሲታ ሴት ነች፣ አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ እጇን ይዛለች። ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው።

«አላወቅሽኝም» አለች።

«አላወቅኩሽም፣ እህቴ።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽን። ባሌ ውሻዋን መዝግቢ ብሎሽ ነበር።»

ወዲያው አስታወስኳት። ባሏንና ትንሹን ልጇን የሰፈሩበት መተከል ውስጥ ወባ ገደላቸው። እሷ ከሌሎች ሰዎች ጋር ጠፍታ፣ በጎጃም በኩል በየቤተ ክርስቲያኑ እየለመነች፣ አባይን ተሻግራ መጣች። መካነ ሰላም ስትደርስ ሌላ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ከሰፈራ የጠፋ ሰው ከተያዘ ስለሚመለስ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

«አታጋልጪኝም አይደል?»

«አላጋልጥሽም። ቤት እንሂድ።»

የእኛን በር ስከፍት ውሻዋ እንደ ማንኛውም እንግዳ ጮኸችባቸው። ከዚያ ድንገት ዝም አለች። ቀርባ የሴትየዋን እግር አሸተተች። ልጅቷ አንድ ስም ጠራች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለግሁትን ስም። ውሻዋ እንደ ሰው አለቀሰች፣ ሌላ ቃል የለኝም። መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ሽንቷን ለቀቀች፣ ልጅቷን ጥላ ፊቷን ላሰች። ስለ ባሏ ሞት ስትነግረኝ እንባ ያልወጣት ሴትዮ በሩ ሥር ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትላታለች።

ማታ እራት ከበላን በኋላ በልቤ የነበረውን መናገር ነበረብኝ። «ይቅር በይኝ። የጻፍኩሽ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ባትጽፊ ሌላ ይጽፈን ነበር» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ግን ባትጽፊን ጥሩ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለሌላ ምዝገባ ስጠራ ታምሜአለሁ ብዬ ቀረሁ። ይኼ ጀግንነት አይደለም፤ ሌላ መምህር ተተክቶ ጻፈ።

ስምንት ቀን እኛ ዘንድ ቆዩ። አባቴ በሰው በሰው ብለው ወግዲ ያለ ወንድሟን አገኙላት፤ በገዛ ቀበሌዋ ከምትታይ እዚያ መሆኑ ይሻላል ተባለ። ለመሄድ ሲዘጋጁ ሴትየዋ ውሻዋን አየችና «ያንቺ ናት። ያተረፍሻት አንቺ ነሽ። እኔ የማበላት የለኝም» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ። እንዳትከተላቸው ብዬ ጓሮ አሰርኳት።

በሩን ወጥተው ገና ከአጥሩ ሳይርቁ ጩኸቷን ለቀቀችው። አባቴ ከውስጥ ወጡ።

«ፍቺያት።»

«ትሄዳለቻ አባባ።»

«ከሄደች ትሂድ። ራሷ ትምረጥ።»

ፈታኋት። ልጇን ጓሮው ውስጥ ትታ አጥሩን በአንድ ዝላይ አለፈችው። ዞር ብላ ታየኝ ይሆን ብዬ ቆሜ ነበር፣ አላየችኝም። በዚያ ቀን ክፍል ገብቼ ልጆቹን የእጅ ጽሕፈት እንዲለማመዱ አዝዤ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አባቴ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምሳ አልበላም አሉ። እናቴ «ቄሱ ውሻ ናፈቃቸው» ብላ ስትስቅባቸው አልካዱም።

በበጋው መጨረሻ ለመሠረተ ትምህርት ቁጥጥር ወግዲ ተላክሁና ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ሴትየዋ ከወንድሟ ቤት አጠገብ ትንሽ ጎጆ ተሠርቶላታል። ውሻዋ ከሩቅ አወቀችኝ። እየሮጠች መጥታ ራሷን ጉልበቴ ላይ አስደገፈች። እጄን እስክትጠግብ ላሰችኝና ተመልሳ ገብስ ከምትለቅመው ልጅ ጎን ተኛች። እኛ ዘንድ ከነበረችበት ከስታለች። ግን የምትተኛው ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እኛ ጋ እንደዚያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ስወጣ ሴትየዋ በነጠላዬ ጫፍ ቆሎ ቋጠረችልኝ።

ውሻዋን ሌላ ጊዜ አላየኋትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወንድምየው በኩል፣ በክረምት ታማ እቤት ውስጥ እንደሞተች ሰማሁ። ልጅቷ አግብታ ወረኢሉ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ያለ ውሻ ሆኖ አያውቅም። መኪና የገጨው፣ የተጣለ፣ ጅራቱ የተቆረጠ፣ ብዙ መጥቶ ብዙ ተቀብሯል። ብዙዎቹ አልዳኑም። አሁን ያለችው አንድ ዓይኗ አያይም፤ ከመናኸሪያ አውቶቡስ ሥር ነው ያወጣኋት። ትናንት የጎረቤቴን ዶሮ አንቃ ይዛብኝ መጣች፣ ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ስጠይቅ ዋልኩ።