ጫሪዋና አልንቀሳቀስ ያሉት ሴሎች

ላብራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለሁሉም «ጫሪዋ» ናት። ልጇም ብትሆን አታዝንላትም። ማታ በር ስትከፍትላት «እማዬ፣ ዛሬም እንደ ዶሮ ስትጭሪ ዋልሽ?» ትላታለች።

ነገሩ እውነት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሳህን ላይ እንደ ምንጣፍ የተነጠፉ ሕያው ሴሎችን በቀጭን የፕላስቲክ ጫፍ መሃል ለመሃል ትጭራለች። ሴሎቹ ባዶውን መስመር ሊደፍኑ ከግራና ከቀኝ ይጓዛሉ። የሚጓዙት ግን ሲነገራቸው ነው፤ መልእክተኛው ፕሮቲን መጥቶ በሴሉ ገላ ላይ የተተከሉትን ተቀባዮች ሲይዝ ወሬው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሴሉም ይነሳል። የላብራቶሪው አለቃ ዶክተሩ ይህችኑ ነገር በሰላሳ ቀስት አብራርቶ ግድግዳ ላይ ለጥፏታል፤ ማንም አይቶ የገባው የለም፣ ያላደነቀም የለም።

ያን ቀን ጠዋት ግን ሴሎቹ ትናንት ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም።

«እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው እትዬ» አላት ዶክተሩ። «ሲጭሩ ሴሎቹ የሚረግጡትን የሳህኑን ሽፋን ገሽልጠውታል። ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ቢሆኑ ይሻላል።»

«መነጽር አደረግሁ እንጂ እጄስ ደህና ነው።»

እሱ ግን ወጥቷል። የተማረ ሰው መልስ ቆሞ አይሰማም።

በማይክሮስኮፕ አየች። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ሴሎቹም በሕይወት አሉ። ያኔ ትዝ አላት፤ ዶክተሩ ትናንት ቸኩሎ በረዶ የሆነውን የፕሮቲን ብልቃጥ ለሻይ ባፈላው ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር ያቀለጠው። ተቀባዮቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ መልእክተኛው መንገድ ላይ ተቀቅሏል።

ለክፉ ቀን ብላ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ሳህን ትጭራለች። ሌላ ብልቃጥ በረዶ ላይ ቀስ ብላ አቅልጣ ትርፉ ሳህን ላይ ጠብ አደረገች፤ ከማይክሮስኮፑ ካሜራ ስር አስገብታም ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ሴል ስስ ከንፈር አወጣ። ከንፈሩ ወደ ባዶው ተዘረጋ፣ መሬቱን ያዘ፤ ከኋላ ያለው ገላ ለቀቀና ተከተለ። ቀጥሎ ጎረቤቱ ተነሳ። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ዓይን የላቸው፣ ጆሮ የላቸው፣ አለቃ የላቸው፤ አንዲት ጠብታ ሰምተው መንገዱን አወቁት።

በሹመት ሁሉ የምትስቀው ሴት ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ሃያ አንድ ዓመት አይታውም ዛሬም እንደ አዲስ አየችው። መነጽሯን አውልቃ ልትጠርግ ስትል እጇ ተንቀጠቀጠ።

ዶክተሩ የገባው ልክ ያኔ ነው። እጇን አየ፤ ቀጥሎ ስክሪኑን አየ።

«ይህንን ማን ጫረው?»

«ይኸው እጅ ነዋ።»

«ፕሮቲኑስ?»

«የኔው በረዶ ላይ ነው የቀለጠው። የእርስዎ ሻይ ገብቶበታል።»

ዶክተሩ ጆሮው ቀላ። «ዕቃ ማጠቢያውን ይርሱት» አለ፤ የእሷን ወንበር ሳይነካ ለራሱ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። መስመሩ ሲጠብ አብረው ያዩ ጀመር።