«አጆኺ፣ ተራርቋል»

አቦይ እያልኩ የምጠራቸው አያቴ ካረፉ ገና አርባቸው አልሞላም። የሚጥል በሽታው ሲነሳብኝ እኔን መንካት የማይፈሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ፎርቶ ከሚባለው የድሮ ምሽግ በታች ባለው ፌርማታ ላይ ወደቅሁ። ሰዉ «አትንኳት፣ ይጋባል!» እያለ ሲሸሽ፣ አቦይ ኮታቸውን ከራሴ ሥር አድርገው በጎኔ አስተኙኝና ትከሻዬን ያዙ። በኋላ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። መንግሥት ትምህርቱንም ቢሮውንም በአማርኛ ካደረገው ወዲህ ነበርና፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ሐኪም ቃል ለአቦይ በትግርኛ የምተረጉመው አማርኛ በትምህርት ቤት የተማርኩት እኔው በሽተኛዋ ነበርኩ።

«አንጎሏ ሁሉ በአንድ ምት ይመታል፤ ምቱ እስከ ጥልቁ ክፍል ይወርዳል» አለ ሐኪሙ።

«ትከሻዋን ስይዝ ምቱ በእጄ ይሰማኛል» አሉ አቦይ። «መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይራራቃል።»

«ሲራራቅ ሊለቃት ነው፤ አይፍሩ» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ስነቃ የምሰማው «አጆኺ፣ ተራርቋል» የሚል ድምፃቸውን ነበር። አይዞሽ ማለታቸው ነው።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ከዘመዶቼ ጋር ስመለስ እንደገና ጣለኝ። ስነቃ ሰዎች ራቅ ብለው ከበውኛል፤ «አጆኺ» የሚለኝ ግን አልነበረም። ቆይቶ በሽታዬን አጥብቃ የምትፈራው አክስቴ ሰዉን አልፋ መጣች። ነጠላዋን አልብሳኝ አፈሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም ለአቦይ አለቀስን።