ከአሥር ሦስት የሚመታ ሙሽራ

ሽማግሌ ሆኜ ሰው ቤት ስሄድ የኳስ ቁጥር አጥንቼ እሄዳለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ግን ሄድኩ።

ልጁ ሊንደን ሰፈር በምኖርበት አፓርትመንት ጎረቤቴ ነው። ኦሃዮ ተወልዶ ያደገ አሜሪካዊ ሲሆን ደመወዙን የሚያገኘው ቤዝቦል በመጫወት ነው፤ በትልቁ ሊግ ሳይሆን ከሥሩ ባለው። በኮሮናው ዓመት ውድድሩ ሲዘጋ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል አንድ ጫማ ቤት ተቀጠረ። እዚያ የእኛን አገር ልጅ፣ ሬይኖልድስበርግ ከተማ ከአባትና ከእናቷ ጋር የምትኖረውን፣ አገኘና ወደዳት። በዓመቱ እንጋባ ሲላት «ቤታችን ሽማግሌ ካልላክህ አባዬ አይሰማህም» አለችው። አሜሪካዊ ሽማግሌ ከየት ያመጣል? የእኔን በር አንኳኳ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ እምቢ የምል ሰው አይደለሁም። ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ጋሼ የምንላቸውን አዛውንት አብረውኝ እንዲመጡ ለመንኳቸው። የተከበሩ ናቸው፤ ጉዳቱ፣ ለመድኃኒት እንኳ አይዋሹም።

ልጁን «ስለ አንተ ምን እንበልልህ?» ብዬ ብጠይቀው የነገረኝ ሁሉ ቁጥር ሆነ፤ ስንቴ ኳስ ሊመታ ዱላ ይዞ እንደቆመ፣ ስንቴ እንደመታ፣ ስንቴ እንደሳተ። ደግነቱ የወሩ ምርጥ ተብሎ የተሸለማት አንዲት ዋንጫ አለችው። መኪና ውስጥ ጋሼን «ዋንጫዋን ይንገሩልኝ፣ ቁጥሩን ይተዉት» አልኳቸው።

«ካልጠየቁኝ አልናገርም» አሉ።

የልጅቷ አባት አዲስ አበባ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ከሃምሳ በታች ያመጣን ተማሪ ያለ ርኅራኄ ሲያስደግሙ የኖሩ። ማስካችንን እንዳጠለቅን በወጉ መሠረት ቆመን ልጅዎን ለልጃችን አልን። እናትየው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ልጅቷ ኪችን ናት፤ ድምጿ መሰማት የለበትም።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አባትየው።

«ኳስ በዱላ ይመታል» አሉ ጋሼ።

«ዋንጫ አለው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ዋንጫውን ተወው። ስንት ያመጣል?»

ጋሼ ተጠየቁ፤ አለቀልን። «ከአሥር ሦስት ይመታል» አሉ።

«ሰባቱንስ?»

«ይስታል።»

«ታዲያ እስካሁን አላባረሩትም?»

ነገሩን ከጋሼ አፍ ተቀበልኩ። በዚህ ጨዋታ ከአሥር ሦስት የመታ አንበሳ እንደሆነ፣ በዚህ ዘመን አራት የሚሞላ እንደሌለ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሦስት የመቱትን ምስላቸውን ቀርጸው ሙዚየም እንደሚያስቀምጡላቸው አስረዳሁ።

«ስለዚህ ሁሉም ወድቀዋል» አሉ አባትየው።

ሳቄን በማስኬ ውስጥ ዋጥኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያለችን እሷ ብቻ ናት። ሰው እያየው በየቀኑ ኳስ የሚስት ሰው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ፊት ይዞ ነው የሚገባው? ንዴቱን የሚወጣው በማን ላይ ነው? ይኼን ንገሩኝ» አሉ።

ያን ሁሉ ቁጥር ስሸመድድ ይኼ አልመጣልኝም ነበር። አፈርኩ። ጋሼ «አናውቅም» አሉ፣ እውነቱን። ነገሩ በእጃችን ተበላሽቶ ሲቀር አየሁት፤ ልጁ አሳዘነኝ።

ይኼን ጊዜ ነው ከኪችን ድምፅ የተሰማው።

«አባዬ፣ ባድ ጌም ሲኖረው ዲሽ ነው የሚያጥበው። ምንም አይናገርም። ኪችኑን በሙሉ ክሊን ያደርጋል፣ ከዛ ሻወር ወስዶ ደህና ሆኖ ይተኛል።»

እናትየው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ጋሼ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እኔ የት ልግባ?

«ይኼ የሚያጸዳው ኪችን የማን ነው?» አሉ አባትየው በቀስታ።

የቧንቧ ውሃ ሲከፈት ብቻ ሰማን።

አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ሠርጉ በዚህ ወር ይሁን» አሉ።

«በዚህ ወር እንኳ ጨዋታ አለበት» አሉ ጋሼ።

«ይቅርበት። ከእንግዲህ ሳህን የሚያጥበው ቀለበት አድርጎ ነው።»