ቀለበቱ የከበበው ማንን ነበር?

ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነበር፣ አሥር ዓመቴ። ባለፈው እሑድ እንጦጦ ላይ ከባለቤቴ ጋር ቆሜ፣ ያ እርጥብ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚል የጉም ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ልቤ ጥሎኝ ወደዚያች ጳጉሜን ሄደ።

ያኔ ጊዮርጊስ ጀርባ በአንድ ግቢ ነበርን፣ እኛና ከወሎ የመጡት ልብስ ሰፊው የጋሽ ይመር ቤተሰብ። ልጃቸው ሰይድና እኔ ሽሮ በአንድ ትሪ እየበላን፣ በአንድ የጨርቅ ኳስ እየተጣላን ነው ያደግነው። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ልንለቅም በማለዳ እንጦጦ ወጣን። ፀሐይ ከኋላችን ብቅ ስትል፣ ከፊታችን ገደሉን በሞላው ጉም ላይ ዋርካ የሚያህል ጥላችን ተዘረጋ፤ በራሱም ዙሪያ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቀለበት፣ ልክ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ እንዳሉት ቅዱሳን።

"እየው፣ እኔን ከቦኛል!" አልኩ።

"ሂድ ወደዚያ! የከበበውማ እኔን ነው" አለ ሰይድ።

"ጊዮርጊስን፣ እኔን ነው!"

"ወላሂ፣ እኔን ነው!"

አበባው ተበትኖ፣ አፍንጫችን ደምቶ ወረድን። ለድብድቡስ ማን ግድ ነበረው፣ መሐላው ነው እንጂ። እናቴና ጋሽ ይመር ለየብቻ አስቀምጠው ቢጠይቁን ሁለታችንም ወይ ፍንክች አልን። ቀለበቱ አንድ፣ መሐላው ሁለት፤ እንግዲያው አንዱ በሐሰት ምሏል ተባለና ተኳረፍን። እኔ ግትር ነኝ፣ እሱም ከእኔ አይሻልም። በአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣ አግብተን ወልደን፣ ወላጆቻችንን ቀብረን፣ ከ"እንዴት አደርክ" ያለፈ ሳንነጋገር አረጀን። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን ግን፣ ዓይኔ አታሎኝ በታቦት በሐሰት ምዬ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር። ፒያሳ ሲፈርስ እሱ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ እኔ ፈረንሳይ ሰፈር ልጄ ጋ ተጠጋሁ።

እሑድ ዕለት ያ ጥላ ከነቀለበቱ ጉሙ ላይ ተመልሶ መጣ። ባለቤቴ አስካለ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"አንተ! ራሴን ብርሃን ከበበው!"

"ያንቺን አይደለም፣ የኔን ነው።"

"ለሠርጋችን ቀለበት አላጠለቅክልኝ፣ ደግሞ ይሄንን ልትቀማኝ ነው?"

የእኔና የሰይድ ክርክር ትዝ አለኝ። "እስቲ ቦታ እንቀያየር" አልኳት። ተቀያየርን። "አሁንስ?"

"አሁንም እኔን ነው!"

እኔም ያየሁት እኔን ከቦኝ ነው። ለካ ሰው የራሱን ቀለበት እንጂ አጠገቡ የቆመውን ሰው ቀለበት አያይም። ያኔ እኔም ሰይድም አልዋሸንም! እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፣ እፎይ አልኩ፤ አስካለም ያበድኩ መስሏት አማተበች።

ግቢው ዛሬ የለም፣ ቧንቧውም። እናቴና ጋሽ ይመር ይሄን ሳይሰሙ አለፉ። ከሰይድ ጋር ልስቅበት የሚገባኝ ዕድሜም አብዛኛው ሄዷል፤ አብዛኛው እንጂ ሁሉም አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ እየቀያየርኩ ኮዬ ደረስኩና በሩን አንኳኳሁ። ከዘራውን ተደግፎ ከፈተልኝ፤ ነገሩን ነገርኩት።

"ገና ያንን ውሸትህን አልተውከውም?" አለኝ፤ ጥርሱ ግን ሳቀ።

"ዛሬ እኛ ቤት ታድራለህ፣ ነገ በማለዳ እንወጣለን" አልኩት። "ጃኬትህን ደርብ፤ እንጦጦ ብርድ ነው።"