ባጁ ተሰቅሎ የከረመበት

ስሟን የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም «ትንፋሽ ያዙ» ነው የምንላት። ራጅ አንሺ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ከመከለያው ግድግዳ ጀርባ ቆማ በትንሿ መስኮት እያየች «ትንፋሽ ሳቡ፣ ያዙ፣ በቃ ተንፍሱ» ስትል ስለምትውል ስሙ በራሱ ጊዜ ተለጠፈባት። እኔ የሆስፒታሉ የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። አልጋ ቢሰበር፣ የደም ግፊት መለኪያ አየር ቢያስተነፍስ፣ ማቀዝቀዣ ቢያቃስት የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ስለ እጄ ሥራ ትንሽ ጉራ ቢጤ አላጣም፤ ይህንን ቀድሜ የምናገረው ጉዱን ያመጣው ይኸው ጉራዬ ስለሆነ ነው።

ራጅ ክፍል የሚሠራ ሰው ደረቱ ላይ ትንሽ ባጅ ያደርጋል። ባጁ አይጮህ፣ አይበራ፤ ዝም ብሎ የነካውን ጨረር ያጠራቅማል። በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ ይላክና ውጤቱ በደብዳቤ ይመጣል። የሷ ውጤት ሁልጊዜ ከምንም የማይቆጠር ነበር። ያን ሰኞ የመጣው ደብዳቤ ግን ባጇ በሦስት ወር ውስጥ ለዓመት ከተፈቀደው በላይ መቀበሉን ይናገራል። ነገሩ እስኪጣራም ከጨረር ሥራ ትገለል ይላል።

ደብዳቤውን ይዛ የጥገና ክፍሌ መጣች። አንድ ጎማ የጎደለው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ጋሼ፣ ማሽንህ ያፈሳል።»

«ማሽኔማ አያፈስም! ባለፈው ወር ነው የፈተሽኩት።»

«እንግዲያው ይሄ ምንድነው?» አለችና ወረቀቱን ጭኔ ላይ ጣለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስድስት ወሬ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ ምን እንዳለችኝ አልገባኝም። ሰፊ ሹራብ መልበስ ካበዛች ከርማለች፤ እኛ የወፈረች መስሎን ስናሾፍባት ነበር።

«የፊተኞቹን ሁለት ገና በሁለት ወራቸው ለሰው ሁሉ ተናግሬ አጣኋቸው። ይሄኛውን ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም» አለች። «አሁን በገዛ እጄ አቃጥዬው ይሆን?»

እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት ወይስ አይዞሽ፣ ግራ ገባኝ። ሁለቱንም አልኳት። ሁለቱም አፌ ላይ አልጣሙኝም። እርጉዝ የሆነች ሠራተኛ ለኃላፊዋ ማሳወቅ እንዳለባት ደንቡን እሷም እኔም እናውቃለን፤ ግን እንዲህ ላለች ሴት ያን ሰዓት ደንብ የሚጠቅስ አንጀት አልነበረኝም።

ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ባጁን ከሚለካው መሥሪያ ቤት የጨረር ተቆጣጣሪ መጣ፤ ዝምተኛ ወጣት፣ አንድ መለኪያና አንድ ደብተር የያዘ። እሷ የምትቆምበት ቦታ ቆሞ እኔ ማሽኑን እንዳስነሳ አዘዘኝ። መለኪያው አልተነቃነቀም። በሩ ጋ ሄደ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጣ፤ እዚያም ያው ነው። ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ ራሱን ራጅ አነሳው፤ ስንጥቅ የለውም።

ሦስታችንም ተፋጠጥን። ማሽኑ ደህና ነው፣ ግድግዳው ደህና ነው፣ ባጁ ግን ጨረር ጠግቧል።

«ታዲያ በየት በኩል ገባ?» አለች። «በመስኮት ዘሎ ነው?»

ተቆጣጣሪው አልሳቀም። «ባጅዎን የት ነው የሚያደርጉት?»

«ጋውኔ ላይ ነዋ።»

«ጋውኑስ የታለ?»

ሹራቧን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ጣቷን ወደ ማሽኑ ክፍል ቀሰረች። ጋውኑ መስቀያዬ ላይ ተንጠልጥሏል።

መስቀያዬ ስል የምሬን ነው። ያ ሽርጥ ከታጠፈ ውስጡ ስለሚሰነጠቅ መሰቀል አለበት፤ እኔም ከተሰበረ አልጋ ብረት በይጄ አንድ ጥሩ መስቀያ ሠራሁለትና፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ በሽተኞች ለደረት ራጅ ከሚቆሙበት ጀርባ ተከልኩት። ስንቱን እንግዳ እየጎተትኩ «አያምርም?» ብያለሁ። እሷ ደግሞ ጋውኑ ሆዷ ላይ አልቆለፍ ሲላት እዚያው ሰቅላ ተወችው። ባጁን አልነቀለችውም፤ ባጅ የጠፋበት ሰው ስንት ማመልከቻ እንደሚጽፍ ታውቃለቻ! ሦስት ወር ሙሉ በእያንዳንዱ ደረት ያለፈው ጨረር ጋውኑ ላይ ሲያርፍ ከረመ፤ ባጁም ተሰብስቦ የሄደው ከዚያው ላይ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሷ ግን ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እኔ አይደለሁማ! ጋውኑ ነዋ!» ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ።

«ታዲያ እኔ ስንት ወሰድኩ?»

«አላውቅም» አለ ተቆጣጣሪው። «እርስዎን የለካ ነገር የለም። በሽተኛ ደግፈው ይዘው ያውቃሉ?»

«ሰው ሲጠፋ ሽርጡን ለብሼ እይዛለሁ። መቆም ያቃተው ሽማግሌ ይመጣል፣ የሚፈራገጥ ሕፃን ይመጣል።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት። ስድስት ይሆናል። ኧረ እኔ እንጃ!»

መልሱን ያመጣችው ራሷ ናት። በሽተኛ የያዘ ሰው እጁ ራጅ ፊልሙ ዳር ላይ አብሮ ይወጣል። ሆስፒታላችን ደግሞ ፊልሞቹን በፖስታ እያሸገ ያስቀምጣል። የሦስት ወር ፖስታ ተሸክመን ፊልም የሚታይበት መብራት ሳጥን ፊት ተደረደርን፤ በሰው ሳንባና ዳሌ መሃል የሷን ጣቶች ፍለጋ ገባን።

መጀመሪያ ቀላል ነበር። የጋብቻ ቀለበቷ በአጥንቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። አምስት ፊልም ላይ አገኘነው። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ጣቷ አብጦ ቀለበቱን አውልቃዋለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ጣቶች ባዶ ናቸው። የእናቶች ይሁኑ፣ የነርሶች ይሁኑ፣ የሷ ይሁኑ ማን ይለያቸዋል? እጇን ፊልሙ ላይ እየዘረጋች ትለካካለች።

«ይቺ የኔ ሳትሆን አትቀርም። አይ፣ ይቺ ቀጭን ናት። ቆይ፣ ያኔ አላበጥኩም ነበር እንዴ? ጋሼ፣ አንተ እስቲ እያት።»

እኔ ምኑን አውቄ! አጥንት ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቃት። ባዶ ጣት ያለባቸው ፊልሞች ዘጠኝ ነበሩ፤ አንዷንም እርግጠኛ ሆና «የኔ ናት» ወይም «የኔ አይደለችም» ማለት አልቻለችም። በመጨረሻ ፊልሞቹን ገፋ አደረገቻቸውና ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዘጠኙም የእርስዎ ናቸው ብዬ ልያዛቸው» አለ ተቆጣጣሪው።

«ለምን? ሁሉም እኮ የኔ አይደሉም!»

«ከተሳሳትኩ በማብዛት ልሳሳት ብዬ ነው።»

አምስቱን ከዘጠኙ ጋር ደመረ፤ ከሽርጡ ጋር አሰላ፤ ደብተሩን ወደሷ አዞረው። ድምሩ ለፅንስ ከተፈቀደው እጅግ በታች ነው።

«ሁሉም የኔ ቢሆኑም?»

«ሁሉም የእርስዎ ቢሆኑም።»

ቁጥሩን አየችው። ማመን የፈለገች ትመስላለች፤ ግን ሁለት ጊዜ ያመነችው ነገር ሁለት ጊዜ ከድቷታል።

«አንዴ ደግመህ ደምርልኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

እሱም አዲስ ገጽ ገልጦ ከአንድ ጀመረ።