መረረኝ የማይባል ቡና

አባቴ ከሞቱ በኋላ እናቴ ቡና ተወች። ራሷን በሻሽ አስራ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና ወደ ጣና በኩል ታያለች። ከቤታችን ሐይቁ አይታይም፤ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። እሷ ግን ውሃው የሚታያት ይመስል ዓይኗን አታነሳም። ምግቡንም እየቀነሰች መጣች። እሷንም እንዳላጣ ፈራሁ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ዘጌ ገዳም አገልግለው በጀልባ ሲመለሱ፣ ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ቡና አይጠፋም። ቤታችን ሌላ ቡና ገብቶ አያውቅም። መድኃኒቷ እሱው ነው ብዬ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቡና መሸጫ ሄድሁ።

ሻጩ የይርጋ ጨፌ ነው የሊሙ፣ የሐረር ነው የሲዳማ ብሎ ጀመረኝ። አፌን ሳልከፍት የታጠበ ነው ያልታጠበ፣ ጥሬ ነው የተቆላ፣ ለጀበና ነው ለማሽን እያለ አዋከበኝ። ቡና ልገዛ ሄጄ ፈተና የተቀመጥሁ መሰለኝ። የጆንያዎቹ ሽታ ደግሞ ተደባልቆ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ያላየሁት አገር ሁሉ፣ ዝናቡም ጫካውም፣ ወደዚያች ጠባብ ክፍል የገባ መሰለኝ። ስንት ሰዓት እንደቆምሁ እንጃ። የዘጌ ስጠኝ ብዬ ወጣሁ።

አፍልቼ ሰጠኋት። አንዴ ቀመሰችና ስኒውን አስቀመጠች። ተናደድሁ። ታዲያ የትኛውን ነው የምትወጂው አልኋት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"እኔ እንጃ ልጄ፣ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?" አለች። "እሳቸው የሚያመጡት ከቤተ ክርስቲያን ነው፣ በረከት ነው። በረከት መረረኝ ይባላል? ዝም ብዬ ጠጣሁ እንጂ አንድ ቀን አልጣመኝም።"

ልስቅ ስል ዓይኗ እንባ ሞላ። "አሁን ሌላ ጠጥቼ ቢጥመኝሳ? የከዳኋቸው ይመስለኛል።"

አባቴ ቢሰሙ ይስቁ ነበር እንጂ አይቀየሙም አልኋት። አላመነችኝም። ሆኖም በማግስቱ መሸጫውን ልየው ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ባጃጁ በሐይቁ ዳር ሲወስደን ውሃው ጭጋግ ለብሶ ነበር፤ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይለይም።

መሸጫው ስንደርስ እጇን ከአንዱ ጆንያ ከተተች። አሸተተች። ወደ ሌላው ሄደች፣ ደግሞ ወደ ሌላው። አገሩን እየጠየቀች፣ ስሙን ለራሷ እየደገመች፣ ስትዘዋወር እኔም ሻጩም በዓይናችን ተከተልናት። በመጨረሻ ሻጩ፣ "እማማ፣ የትኛውን ልመዝንልዎ?" አላት።

ጆንያዎቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። "ይኼን ሁሉ ሳልቀምስማ አልሞትም" አለችው። "በል ልጄ፣ ከዳሩ ጀምርልኝ።"